ለእንስሳት ፀረ-ብግነት የህመም ማስታገሻ አሰጣጥ፦ ከሚዛኑ እስከ ማቆሚያው

«ውሻዬ ያነክሳል፤ ቤት ያለውን አይቡፕሮፌን ልስጠው?» «ድመቴ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ለውሻው የታዘዘው ሽሮፕ ይሆናታል?» «የላሜ ጡት አብጧል፤ ስንት ሚሊሊትር ነው የሚወጋላት?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልካቸውን እየቀያየሩ በየጊዜው ይመጣሉ። የመጀመሪያው መልስ አይሆንም ነው። የሁለተኛውም አይሆንም። ሦስተኛው ደግሞ የላሟ ክብደት፣ የመድኃኒቱ ስምና በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ሳይታወቅ መልስ የለውም። ይህ መመሪያ ሐኪም አይቶ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ በባለቤቱ እጅ የሚሠራውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ሜሎክሲካም፣ ካርፕሮፌን፣ ፊሮኮክሲብ፣ ሮቤናኮክሲብ፣ ኬቶፕሮፌን፣ ፍሉኒክሲን፣ ፊኒልቡታዞን፣ ሁሉም ስቴሮይድ ያልሆኑ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ናቸው። ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመርታል፤ ህመሙን፣ እብጠቱንና ትኩሳቱን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ምርታቸውን ይቀንሳል። ነገር ግን እነዚሁ ኬሚካሎች ሌላ ቦታ ላይ ጠባቂዎች ናቸው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲዱ ይከላከላሉ፣ ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ደግሞ የኩላሊት የደም ስሮች ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ያደርጋሉ። ስለዚህ በልቶና ጠጥቶ የዋለን እንስሳ የሚያድነው ልክ፣ ሲያስመልሰው ያደረውንና ውሃ ያልቀመሰውን እንስሳ ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል። ልኩ አንድ ነው፤ የተለወጠው እንስሳው ያለበት ሁኔታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለዚያ የእንስሳ ዓይነት የታዘዘው መድኃኒት፣ ከነካርቶኑና ከነማብራሪያ ወረቀቱ
- ሚዛን፤ ለትልልቅ እንስሳት ሜትር (የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል)
- ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው ሲሪንጅ፤ ከሌለ በ0.01 ሚሊሊትር የተሰመረ ባለ 1 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ወይም እንደ መጠኑ ባለ 3 ሚሊሊትር፣ መርፌው የወለቀ
- ክኒን ከሆነ የክኒን መቁረጫ ወይም ስለት ያለው ቢላ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የሐኪሙ ስልክ ቁጥር፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ

ደብተሩን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት ግን እንስሳት ድርብ መጠን የሚወስዱበት ዋናው ምክንያት ጠዋት አንዱ፣ ማታ ሌላው «ገና አልተሰጠውም» ብሎ መስጠቱ ነው።

ጨርሶ የማይሰጣቸው

የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው፣ ምግብ እምቢ ያለ ወይም የሰውነት ፈሳሽ ያነሰው እንስሳ። የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ በሽታ ያለበት። ሰገራው ጠቁሮ የሚያውቅ ወይም የጨጓራ ቁስለት የነበረበት። ደም የማይረጋለት ወይም አደጋ ደርሶበት ብዙ ደም የፈሰሰው። እርጉዝና የምታጠባ፣ ሐኪሙ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር። ከ6 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን ስቴሮይዶች እየወሰደ ያለ ማንኛውም እንስሳ።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ስቴሮይድና እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን መከላከያ በየበኩላቸው ያዳክማሉ። አብረው ሲሰጡ ቁስሉ እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተበስቶ ይዘቱ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ለማሳከክ የተወጋ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ስቴሮይድ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ባለቤቱ ረስቶታል፣ አዲሱ ሐኪም አያውቀውም። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ምን ተወግቷል?» የሚለውን ራስዎ አስታውሰው ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ ያለፉትን ቀናት መድኃኒቶች ይዘርዝሩ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንስሳው የወሰደውን ሁሉ ይጻፉ፤ መርፌ፣ ክኒን፣ ቅባት፣ የሰው መድኃኒትም ቢሆን። ከአንዱ ፀረ-ብግነት ወደ ሌላው ሲቀየር በመካከል ከ5 እስከ 7 ቀን ባዶ መተው የተለመደ ነው፤ የፊተኛው ከሰውነት ሳይወጣ ሁለተኛው ከተጨመረ ጉዳቱ ይደመራል። በዚያ ክፍተት ህመሙን ለመያዝ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ማስታገሻ ሊያዝ ይችላል። ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት)፣ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒትና ጀንታማይሲን (አንቲባዮቲክ) ኩላሊትን ስለሚነኩ ለብቻቸው ተለይተው ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ዛሬ ይመዝኑ

የዛሬ ዓመት ክብደት አያገለግልም። ትንሽ እንስሳ ከሆነ ራስዎን ይመዝኑ፣ ከዚያ አቅፈውት ይመዘኑና ልዩነቱን ይውሰዱ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ለ3 ኪሎ ድመት በቂ ትክክለኛነት የለውም፤ የግማሽ ኪሎ ስህተት ለእሷ ከልኩ አንድ ስድስተኛ ነው። የሕፃን ሚዛን ወይም የዕቃ ሚዛን ይሻላል።

ከብትና ፈረስ በሜትር ይለካሉ። የመጀመሪያው ልኬት የደረት ዙሪያ ነው፤ ሜትሩ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ወዲያውኑ በደረቱ ዙሪያ ይታሰራል፣ እንስሳው ትንፋሹን ሲያወጣ ይነበባል። ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ ከትከሻው የፊት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ። ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁኑ።

ለከብት፦ ደረት ዙሪያ × ደረት ዙሪያ × ርዝመት ÷ 10,840 = ኪሎግራም
ለፈረስ፦ ደረት ዙሪያ × ደረት ዙሪያ × ርዝመት ÷ 11,880 = ኪሎግራም

ደረቷ 160፣ ርዝመቷ 140 ሴንቲሜትር የሆነች ላም 160 × 160 × 140 ÷ 10,840፣ ማለትም ወደ 330 ኪሎ ነች። በዓይን ሲገመት ይህቺው ላም 250ም 400ም ትባላለች።

ደረጃ 3፦ ጥንካሬውን ያንብቡ

ይህ ደረጃ ብዙ ስህተት የሚሠራበት ነው። የመድኃኒቱ ስም አንድ ሆኖ ጥንካሬው ይለያያል። ሜሎክሲካምን ብንወስድ፣ ለድመትና ለትናንሽ ውሾች የሚሆነው ሽሮፕ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ይይዛል። የውሻው 1.5 ሚሊግራም ነው። ለትናንሽ እንስሳት የሚወጋው 5 ሚሊግራም፣ ለከብት የሚወጋው 20 ሚሊግራም ነው። ከድመቷ ሽሮፕ እስከ ከብቱ መርፌ 40 እጥፍ ልዩነት አለ።

ስለዚህ «1 ሚሊሊትር ስጠው» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ ጥንካሬው ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም። በወረቀትዎ ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ስም፣ ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ የተከፈተበት ቀን። የተከፈተ ሽሮፕ የሚያገለግልበት ጊዜ በካርቶኑ ላይ አለ፤ ያ ካለፈ ቢተርፍም ይጣላል።

ደረጃ 4፦ ልኩን ያስሉ

ስሌቱ ሁለት መስመር ነው።

ክብደት በኪሎ × ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ = የሚያስፈልገው ሚሊግራም
የሚያስፈልገው ሚሊግራም ÷ የመድኃኒቱ ጥንካሬ = ሚሊሊትር

የተለመዱት መጠኖች ከዚህ በታች አሉ። ሐኪሙ የጻፈልዎት ከእነዚህ ከተለየ የሐኪሙ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ግን ደውለው ያረጋግጡ፣ የነጥብ ስህተት ሊሆን ይችላል።

- ሜሎክሲካም ለውሻ፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን አንዴ 0.1 ሚሊግራም
- ካርፕሮፌን ለውሻ፦ በቀን በኪሎ 4.4 ሚሊግራም አንዴ፣ ወይም 2.2 ሚሊግራም ሁለቴ (በአውሮፓ መለያ፣ ማለትም እዚያ በካርቶኑ ላይ በተፈቀደው ጽሑፍ፣ 4 ሚሊግራም)
- ፊሮኮክሲብ ለውሻ፦ በቀን አንዴ በኪሎ 5 ሚሊግራም
- ሜሎክሲካም በአፍ ለድመት፣ በአውሮፓ መለያ ለረጅም ጊዜ የመገጣጠሚያ ህመም፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም፣ ከዚያ 0.05 ሚሊግራም

ምሳሌ፦ 12 ኪሎ ውሻ፣ የ1.5 ሚሊግራም ሽሮፕ። የመጀመሪያው ቀን 12 × 0.2 = 2.4 ሚሊግራም፤ ለ1.5 ሲካፈል 1.6 ሚሊሊትር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 1.2 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.8 ሚሊሊትር። የመጀመሪያው ቀን እጥፍ የሚሆነው መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚፈለገው ደረጃ ላይ ቶሎ እንዲደርስ ነው። እጥፉ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐኪሙ በክሊኒክ መርፌ ወግቶ ከሆነ እጥፉ ተሰጥቷልና ቤት ውስጥ አይደገምም፣ በማግሥቱ በትንሹ መጠን ይቀጥላሉ።

ክኒን ሲሆን ወደ ታች ያጠጋጉ። 18 ኪሎ ውሻ ካርፕሮፌን በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ሲሰላለት 79.2 ይመጣል፤ ባለ 75 ሚሊግራም አንድ ክኒን ይበቃዋል። ለ4.2 ሚሊግራም ብሎ ክኒን መፈረካከስ አያስፈልግም።

ስለ ድመት ተጨማሪ። የድመት ጉበት እነዚህን መድኃኒቶች በዝግታ ነው የሚያስወግደው፣ ስለዚህ ትንሿ ትርፍ በየቀኑ እየተጠራቀመች ትሄዳለች። በአሜሪካ የሜሎክሲካም መለያ ላይ፣ ለድመት ተደጋጋሚ መስጠት ድንገተኛ የኩላሊት መድከምና ሞት አስከትሏል የሚል በሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እዚያ የተፈቀደው አንድ ጊዜ የሚወጋ መጠን ብቻ ነው። በአውሮፓ በአፍ የሚሰጠው በአነስተኛ መጠን ተፈቅዷል። ሁለቱን ያስታረቀ አንድ ነገር ቢኖር ለድመት በራስ ስሌት አይጀመርም፤ የደም ምርመራ ተደርጎ፣ ሐኪም ልኩን በእጁ ጽፎ ነው።

ደረጃ 5፦ በሲሪንጅ ይሳቡ

ሽሮፑን በደንብ ይነቅንቁ። ሜሎክሲካም ሽሮፕ ውስጥ አይሟሟም፣ ተበትኖ ነው የሚቀመጠው፤ ጠርሙሱ ሲቆም ወደ ታች ይሰፍራል። ሳይነቀነቅ የሚሳብ ሽሮፕ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጭን ነው፣ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወፍራም። «መጀመሪያ አልሠራለትም፣ በኋላ አስመለሰው» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄው ነው።

አሁን ሲሪንጁን ይመልከቱት። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሚሊሊትር የተሰመረ አይደለም፤ በእንስሳው ኪሎ ነው። 12 የሚለው መስመር «12 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የዕለት መጠን» ማለት ነው። መስመሩ የተሰላው ለዚያ ጠርሙስ ጥንካሬና ለዚያ የእንስሳ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ሲሪንጅና ጠርሙስ አይቀያየሩም። 4 ኪሎ ድመት በቀን የሚያስፈልጋት 0.2 ሚሊግራም ነው። የውሻውን ጠርሙስ በውሻው ሲሪንጅ 4 ላይ ስበው ከሰጧት 0.4 ሚሊግራም፣ እጥፍ ወሰደች። የውሻውን ጠርሙስ በድመቷ ሲሪንጅ 4 ላይ ቢስቡ ደግሞ 0.6 ሚሊግራም፣ ሦስት እጥፍ። ሁለቱም ጊዜ መስመሩ «ትክክል» ይመስላል።

የሚነበበው የመግፊያው ጥቁር ጎማ ለሲሪንጁ አፍ የሚቀርበው ጠርዝ ነው፤ የኋላውን ጠርዝ ያነበበ ከሚፈልገው በታች ይሰጣል። አየር ከገባ ሲሪንጁን አፉን ወደ ላይ አድርገው በጣት መታ መታ ያድርጉት፣ አየሩን ወደ ጠርሙሱ ይግፉና እንደገና ይሳቡ። በአንድ ሚሊሊትር ሲሪንጅ ላይ 0.1 እና 1.0 መምታታት አሥር እጥፍ ነው፤ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ደግሞ በዩኒት ስለሚቆጠር ባለ 100 ዩኒቱ ላይ 10 የሚለው 0.1 ሚሊሊትር ነው። ሲያልቁ ሲሪንጁን በውሃ አጥበው ያድርቁ።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይስጡ

ምግቡን ያቅርቡና በደንብ ሲበላ ያዩት። በልቶ ሲጨርስ መድኃኒቱን ይስጡ። ብዙዎች መድኃኒቱን ምግቡ ላይ ጨምረው ዘወር ይላሉ፤ ይህ ሁለት ነገር ያሳጣል። አንደኛ፣ ምግቡ ግማሹ ቢቀር ምን ያህል እንደወሰደ አያውቁም። ሁለተኛና ዋናው፣ ምግብ እምቢ ማለት የጉዳቱ የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ ከገባ ምልክቱ የመጣው ከዘገየ በኋላ ነው።

ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ በልቷል? ጠጥቷል? ሆዱ ደህና ነው፣ ማለትም አላስመለሰውም፣ አላስቀመጠውም? ከሦስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ የዛሬው ይቅር፣ ለሐኪሙ ይደወል። አንድ ቀን መዝለል የሚያስከፍለው ህመም ነው፤ በባዶና በደረቀ ሆድ መስጠት የሚያስከፍለው ኩላሊት ነው።

የሮቤናኮክሲብ ክኒን ከዚህ ይለያል። ከምግብ ጋር መምጠጡ ስለሚቀንስ ያለ ምግብ ወይም ከጥቂት ምግብ ጋር ይሰጣል። የመብላት ጥያቄው ግን እንደተጠበቀ ነው፤ በቀደመው ጊዜ ገበታው ላይ እምቢ ያለ እንስሳ አይሰጠውም።

ሽሮፕ በአፍ ሲሰጥ አንገቱን ወደ ላይ አያቅኑ። ሲሪንጁን በጉንጩ ጥግ፣ ከክራንቻ ጥርሱ ኋላ ባለው ክፍተት አስገብተው በትንሽ በትንሹ ይግፉ፤ እየዋጠ ይሂድ። አንገቱ ቀና ብሎ በአንዴ የተገፋ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ሰጥተው በደቂቃዎች ውስጥ ቢያስመልሰው ድጋሚ አይስጡ። ምን ያህሉ እንደቀረ አይታወቅም፣ ማስመለሱ ራሱም የማቆሚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ረስተው ከሆነም የሚቀጥለውን እጥፍ አያድርጉት፤ ያለፈው አልፏል።

ደረጃ 7፦ ይመዝግቡና ይከታተሉ

በየቀኑ አንድ መስመር፦ ሰዓት፣ ሚሊሊትር፣ ምግብ፣ ሰገራ፣ እንቅስቃሴ። ለውጡን የሚያሳይዎ የጠዋት አነሳሱ ነው፤ ከተኛበት ሲነሳ ስንት እርምጃ ያህል እንደሚያነክስ ይቁጠሩ። ድመት ሲያማት አታነክስም ማለት ይቻላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መዝለል ትተዋለች፣ ጸጉሯን መላስ ታቆማለች፣ ትደበቃለች፤ ሲሻላት የሚመለሰውም ይሄው ነው።

ወዲያውኑ የሚያስቆሙ ምልክቶች፦

- ማስመለስ፣ በተለይ ደም ወይም ቡናማ ፍርፋሪ ያለበት
- ተቅማጥ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚለጠፍ ሰገራ
- ምግብ እምቢ ማለት
- ውሃ አብዝቶ መጠጣትና መሽናት፣ ወይም ሽንት መቅረት
- የዓይን ወይም የድድ መወየብ፤ የድድ መንጣት
- ያልተለመደ ድካም፣ መንገዳገድ

ጥቁር ሰገራ የላይኛው ሆድ ውስጥ ፈስሶ የተፈጨ ደም ነው። ቀይ ስላልሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ደረጃ 8፦ መቼ እንደሚቆም ከመጀመሩ በፊት ይወቁ

ለቀዶ ሕክምና ወይም ለውልቃት የታዘዘ ከሆነ የቀኑ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይኖራል፤ ቢተርፍም በዚያ ቀን ይቆማል። ሜሎክሲካም ለውሻ መገጣጠሚያ ሲሰጥ ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም 4 ቀን ይታያል። 10 ቀን ተሰጥቶ ምንም ለውጥ ከሌለ ይቆማል። ለድመት በአውሮፓው መለያ ለውጥ የሚጠበቀው በ7 ቀን ውስጥ ነው፣ መቆሚያው 14 ቀን። አልሠራም ብሎ መጠኑን መጨመር የለም፤ ከልኩ በላይ ማስታገሱ ብዙም አይጨምርም፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል።

ለወራት የሚቀጥል ከሆነ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ3 እስከ 6 ወሩ ይደረጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ከሌለ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም። እንስሳው ከተሻለው ደግሞ ሐኪሙ ልኩን ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርዳል፤ የሚፈለገው እንቅስቃሴውን የሚያቆይለት ትንሹ መጠን ነው።

ከብትና ፈረስ ሲሆን

እዚህ ላይ መርፌው የባለሙያ ነው፣ የባለቤቱ ድርሻ ክብደቱን በትክክል መስጠትና ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው። ስሌቱን ግን ማወቅ ይጠቅማል። ባለ 50 ሚሊግራም ፍሉኒክሲን ለከብት በኪሎ 2.2 ሚሊግራም ሲሆን ለ45 ኪሎ 2 ሚሊሊትር ነው፤ 400 ኪሎ በሬ 17.6 ሚሊሊትር ይወስዳል። ለፈረስ 1.1 ሚሊግራም፣ ማለትም ለ45 ኪሎ 1 ሚሊሊትር። ባለ 20 ሚሊግራም ሜሎክሲካም ለከብት በኪሎ 0.5 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ለ100 ኪሎ 2.5 ሚሊሊትር።

ፍሉኒክሲን ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ ሥጋውን ያቆስላል። በፈረስ ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ በተጎዳው ጡንቻ ውስጥ ተራብቶ ለሞት የሚያደርስ እብጠት ያመጣል። ለዚህ ነው በደም ስር የሚመረጠው። ፊኒልቡታዞን ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ አካባቢውን ቆዳና ሥጋ ይገድላል። በአንገት ሲወጋም ደም መልሱ ከደም ቅዳው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ በስህተት ደም ቅዳው ውስጥ የገባ መድኃኒት በቀጥታ ወደ አንጎል ሄዶ ፈረሱን በሰከንዶች ውስጥ ይጥለዋል። በአንገቱ የላይኛው ክፍል ሁለቱን የሚለያቸው ጡንቻ ስላለ ባለሙያው እዚያ የሚመርጠው ለዚህ ነው። «እኔም እወጋለሁ» ከማለትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

ሆዱን የቆረጠው ፈረስ ፍሉኒክሲን ሲወጋ ህመሙ ይጠፋል፤ የተጠማዘዘው አንጀት ግን እንደተጠማዘዘ ነው። ህመሙ ከተመለሰ ሁለተኛ መርፌ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ሐኪም ነው። ፊኒልቡታዞን የሚወስድ ፈረስ ውሃ ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር፤ ውሃ የተነፈገ ፈረስ በዚህ መድኃኒት ኩላሊቱም ትልቁ አንጀቱም ይቆስላል።

ልትወልድ የደረሰች ላም ፍሉኒክሲን ከሚጠበቀው መውለጃዋ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት አይሰጣትም፤ ፕሮስታግላንዲን ምጥን የሚያስጀምር ነው፣ ሲቀንስ ምጡ ይዘገያል።

ወተትና ሥጋ። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ወተቱና ሥጋው ለሰው የማይውልበት ጊዜ አለ። ጊዜው በመድኃኒቱ፣ በአሰጣጡ መንገድና በአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የሚታየው የብልቃጡ መለያ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ለከብት ሜሎክሲካም ሥጋው 15 ቀን፣ ወተቱ 5 ቀን ነው። በአሜሪካ በደም ስር ለሚሰጥ ፍሉኒክሲን ሥጋው 4 ቀን፣ ወተቱ 36 ሰዓት ነው፤ በጡንቻ ከተሰጠ ይህ ቁጥር አይሠራም፣ ቅሪቱ ይረዝማል። ፊኒልቡታዞን የወሰደ እንስሳ ሥጋ ግን ለምግብ አይውልም፤ መድኃኒቱ በሰው ላይ መቅኔ ደም ማምረት እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል። የተሰጠበትን ቀን በእንስሳው ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ በሚያልብበት ቀን ደብተሩን የማያይ ሰው አለ።

ታክሞ የሞተ እንስሳ ሜዳ ላይ አይጣል። ዳይክሎፌናክ፣ ኬቶፕሮፌንና ፍሉኒክሲን ሬሳውን የበላን ጥንብ አንሳ ኩላሊት ያበላሻሉ። ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሜሎክሲካም ለጥንብ አንሳ ጉዳት እንደሌለው ተፈትኗል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የሰው ክኒን መቁረስ። ባለ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ግማሹ ለ5 ኪሎ ውሻ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ ናፕሮክሰን ደግሞ በኪሎ 5 ሚሊግራም ብቻ ውሻ ያሳምማል፣ በሰውነቱም ለቀናት ይቆያል። ፓራሲታሞል የዚህ ቤተሰብ አባል ባይሆንም አብሮ ይጠየቃልና፦ ለድመት መርዝ ነው። በኪሎ 10 ሚሊግራም የመረዛቸው አሉ፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ሩብ ለ4 ኪሎ ድመት በኪሎ 31 ነው። ድዷ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። መድኃኒት አለው፣ የሚሠራው ግን በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰ ነው።

በሰው ጉልበት ላይ የሚቀባ ቅባት። ፍሉርቢፕሮፌን ያለበት ቅባት የተቀባ ባለቤት ቤት ውስጥ ድመቶች ሞተዋል፤ ድመቷ ቆዳውን ወይም ጨርቁን ልሳ፣ ከዚያ ጸጉሯን ልሳ። ከተቀቡ ቦታውን ይሸፍኑ፣ እጅዎን ይታጠቡ።

ህመሙ ሲቀር እንደ ልቡ ማስሮጥ። ማስታገሻው ጉልበቱን አልጠገነውም፤ ስሜቱን ነው የቀነሰው።

ጣፋጩን ክኒን እጅ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ። ለውሻ የሚሠሩ የሚታኘኩ ክኒኖች ሥጋ ሥጋ ይላሉ፣ የፕላስቲክ ዕቃውን ነክሶ ሙሉውን የሚጨርስ ውሻ ብርቅ አይደለም። ሕፃን እንዳይከፍተው የተባለው ክዳን የተሠራው ለሕፃን እጅ እንጂ ለውሻ ጥርስ አይደለም።

ከልክ በላይ ከወሰደ

ምልክት እስኪመጣ አይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ሐኪሙ ሆዱን ባዶ ማድረግና መርዙን የሚመጥ የመድኃኒት ከሰል መስጠት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው እያለፈ ይሄዳል። በጨው ወይም በሌላ ነገር ራስዎ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ጨው ብቻውን ይመርዛል። ወተት መስጠትም መርዙን አያስቀርም።

ሲደውሉ አምስት ነገር ይዘው ይደውሉ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የአንዱ ክኒን ሚሊግራም ወይም የሽሮፑ ጥንካሬ፣ ስንቱ እንደጎደለ፣ የእንስሳው ክብደት፣ ሰዓቱ። ክኒን ከሆነ የቀሩትን ይቁጠሩ፤ ሁለት ውሻ ካለ ደግሞ የጎደለው ሁሉ በአንዱ እንደተበላ ተቆጥሮ ለሁለቱም ይሰላል። ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ።

በዚያ ቀን ደህና ቢመስል፣ የደም ምርመራውም ደህና ቢወጣ እንኳ ክትትሉ አይቋረጥም። የኩላሊት ቁጥሮች የሚቀየሩት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይተው ስለሆነ ሐኪሙ ፈሳሽ ሰጥቶ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ደም እንዲመረመር ያደርጋል።